ሳይገዛ ይመርመር
ያገለገለ መኪናን ወደ ጋዝ ስለ መለወጥ ለገበሬዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። መኪና የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና እህሉን ገበያ የሚያደርሰው መኪና ነው። ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳትም መኪና ነው። ለመኪና ኪራይ የሚከፈለው ብር የሚወጣው ከገበሬው ድካም ላይ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ማኅበራት «ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ መኪና ብንገዛስ?» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ይመጣና «ቤንዚን ውድ ነው፤ መኪናውን ወደ ጋዝ ለውጡት፤ ወጪያችሁ በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። እውነት ነውን? ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን አይደለም። ገንዘቡ የአንድ ሰው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የአንድ ሰው ነበር። የማኅበር ገንዘብ ግን የብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ላብ ነው። ሣሩን ብቻ አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን ነገሩን ቀስ ብለን እንመልከት።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ጋዝ ጤነኛ ሞተርን ይጠቅማል እንጂ የታመመ ሞተርን አያድንም። ስለዚህ አስቀድሞ ማስላት፣ ቀጥሎ መመርመር፣ መለወጥ ግን መጨረሻ ነው።

ጋዝ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በገጠር «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለኩራዝ የሚሆነውን ነጭ ጋዝ ነው። ላምባም ይባላል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ላምባ አይደለም። ላምባን ቤንዚን በሚሄድበት መኪና ውስጥ መጨመር ሞተሩን ይጎዳል። የምንናገረው እንደ አየር ስለሚተን ነዳጅ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ቡታጋዝ ነው። በከተማ ለምግብ ማብሰያ በብረት ሲሊንደር የሚሸጠው ማለት ነው። ይህ ጋዝ ሲጨመቅ ፈሳሽ ይሆናል። ሲለቀቅ እንደገና ይተናል። ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ታች ወርዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከመሬት ውስጥ ይወጣል። መኪና ላይ የሚጫነው እጅግ ተጨምቆ ነው። ግፊቱ 200 አትሞስፌር ያህል ነው። ይህም በትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ከ80 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ወፍራምና ከባድ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ካፈሰሰ ወደ ላይ ይወጣል።

መኪናን በጋዝ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። በጣሊያን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተጀምሯል። በቱርክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች በቡታጋዝ ይሄዳሉ። በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 አውቶቡሶች ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲለወጡ አዘዘ። ምክንያቱ ጭሱ የሕዝቡን ጤና ስለ ጎዳ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሚሠራ ነገር ነው። ጥያቄው ለእኛ ይሠራልን? የሚለው ነው።

መጀመሪያ፦ የት ይሞላል?

በሬ ከመግዛታችን በፊት ድርቆሽ መኖሩን እናያለን። መኪናም እንዲሁ ነው። ጋዝ የሚሞላበት ማደያ ከሰፈራችሁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ለመኪና የሚሆን ጋዝ የሚሞላው በተለየ መሣሪያ ነው። የቤት ሲሊንደር የሚሸጥበት ሱቅ መኖሩ አይበቃም።

በአገራችን በሶማሌ ክልል ካሉብ በተባለው ቦታ የተፈጥሮ ጋዝ አለ። ጋዙን የሚያመርተው ሥራ የመጀመሪያ ምዕራፍም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ጋዝ ካሉብ ላይ ወጣ ማለት በወረዳችን ማደያ ተከፈተ ማለት አይደለም። ሻጩ «በቅርቡ ይመጣል» ቢላችሁ «ሲመጣ እንለውጣለን» በሉት። ዛሬ በቤንዚን የሚሄድ ጤነኛ መኪና ነገም ሊለወጥ ይችላል።

ወደ ጋዝ የተለወጠ መኪና የቤንዚን ታንኩን አይጥልም። ጧት ሲነሣ በቤንዚን ይነሣል። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይዞራል። ጋዙ መንገድ ላይ ቢያልቅ በቤንዚን ቤቱ ይገባል። ሆኖም ማደያው ሩቅ ከሆነ መኪናው ዓመቱን ሙሉ በቤንዚን ይሄዳል። የለውጡ ገንዘብም በከንቱ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ሒሳቡ ምን ይላል?

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ነው። እርሳስና ወረቀት እናውጣ። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለመለማመጃ ያህል የተባሉ ናቸው። እናንተ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ትተኳቸዋላችሁ።

አንድ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 10 ሊትር ቤንዚን ይበላል እንበል። የ1 ሊትር ቤንዚን ዋጋ 120 ብር ቢሆን፣ 10 ሲባዛ በ120 1,200 ብር ይሆናል።

በቡታጋዝ ሲሄድስ? 1 ሊትር ቡታጋዝ ከ1 ሊትር ቤንዚን ያነሰ ጉልበት አለው። ስለዚህ ለዚያው መንገድ 12 ሊትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። የ1 ሊትር ጋዝ ዋጋ 64 ብር ቢሆን፣ 12.5 ሲባዛ በ64 800 ብር ይሆናል።

ልዩነቱ 400 ብር ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር 400 ብር ማለት ለ1 ኪሎ ሜትር 4 ብር ማለት ነው።

አሁን የለውጡ ዋጋ 100,000 ብር ነው እንበል። 100,000 ሲካፈል ለ4 25,000 ይሆናል። ስለዚህ መኪናው 25,000 ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ድረስ ትርፍ የለም። ያወጣነውን ብቻ ነው የምንመልሰው።

መኪናው በሳምንት 500 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡ በ50 ሳምንት ይመለሳል። ይህ ከዓመት ያነሰ ነው፤ ጥሩ ነው። መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ገበያ ደርሶ 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ከሆነ ግን 250 ሳምንት ያስፈልጋል። ይህም 5 ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ያገለገለ መኪና እስከዚያ መቆየቱን ማን ያውቃል? እንግዲህ ጋዝ የሚጠቅመው ብዙ ለሚሠራ መኪና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የጋዝ ዋጋ ከቤንዚን ዋጋ ከ5 እጅ 4 እጅ ከደረሰ ምንም ትርፍ የለም። ቤንዚን 120 ብር ሲሆን ጋዝ 96 ብር ቢሆን፣ 12.5 ሲባዛ በ96 ያው 1,200 ብር ነው። ራሳችሁ አባዝታችሁ እዩት።

በኪሎና በሊትር መካከል ያለውን ልዩነትም ልብ በሉ። የቤት ጋዝ በኪሎ ይሸጣል። ቤንዚን በሊትር ይሸጣል። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ከ1.7 እስከ 2 ሊትር ይሆናል። ኪሎን ከሊትር ጋር ሳይለውጥ የሚያነጻጽር ሰው ወይ አልገባውም፣ ወይ እያታለለ ነው።

ሦስተኛ፦ የትኛው መኪና ይለወጣል?

በቤንዚን የሚሄድ መኪና ለመለወጥ ይቀላል። በናፍጣ የሚሄደው ግን አስቸጋሪ ነው። ለምን?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ ነዳጁ ይነዳል። ጋዝም በዚሁ ብልጭታ ይነዳል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ጨምቆ በሙቀቱ ብቻ ናፍጣውን ያነዳል። ጋዝ ደግሞ በመጨመቅ ብቻ በቀላሉ አይነዳም። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ወይ ናፍጣና ጋዝ አብሮ መጠቀም አለበት፣ ወይ ሞተሩ ተፈትቶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

በገጠር እህል የሚያመላልሱት እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ በናፍጣ የሚሄዱ ናቸው። «ይህን አይሱዙ በርካሽ ወደ ጋዝ እለውጥላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በጥንቃቄ ስሙት።

ከቤንዚን መኪናዎች መካከልም ልዩነት አለ። አሮጌዎቹ ካርቡሬተር አላቸው። ለእነሱ የሚገጠመው ዕቃ ቀላልና ርካሽ ነው። አዳዲሶቹ ነዳጁን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጩ ናቸው። ለእነሱ የሚገጠመው ዕቃ ይወደዳል፤ የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ጋዙን መጥነው ስለሚያቃጥሉ ይቆጥባሉ። ቤንዚኑን በቀጥታ ከፒስተኑ በላይ የሚረጩ መኪናዎች ደግሞ ለመለወጥ ይበልጥ አስቸጋሪ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ መካኒኩ ይንገራችሁ።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን የቤንዚን መኪና የምንፈልገው አገር ውስጥ ሲሠሩ ከቆዩት መካከል ነው። ያገለገለ ነገር ሲገዛ ደግሞ ምርመራው ይጠብቃል።

አራተኛ፦ ምርመራው እንዴት ነው?

እናንተ በሬ ስትገዙ ቀለሙን አይታችሁ አትገዙም። ጥርሱን ታያላችሁ። ትከሻውን ትዳስሳላችሁ። ታስኬዱታላችሁ። ከተቻለም ጠምዳችሁ ታዩታላችሁ። መኪናም ቀለም ሲቀባ ያምራል። እናንተ ግን እንደ በሬ መርምሩት።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ሌላ ቀን ጧት ኑ። የሚከብድ አነሣሥ በሙቀት ይደበቃልና።

ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል ማለት ሊሆን ይችላል።

ራዲያተሩን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቱት። ሞቆ ሳለ መክፈት ፊትን ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ቡና ቢመስል፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ይህን መኪና ተዉት።

የራዲያተሩ ነገር ለጋዝ መኪና እጥፍ ያስፈልጋል። ቡታጋዝ ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ እጅግ ይቀዘቅዛል። እንዳይበርድ የሚያሞቀው ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ውሃ የሚያፈስ መኪና ላይ ጋዝ ቢገጠም የማትነኛው ዕቃ በረዶ ይሠራል፤ መኪናውም ይቆማል። በደጋ ጧት ደግሞ ይብሳል።

መካኒኩ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ የመጨመቅ ኃይሉን ይለካ። አራት ፒስተን ካለው አራት ቁጥር ይወጣል። አራቱም ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ በጣም ካነሰ ያ ፒስተን ወይም ቫልቩ ደክሟል። ጋዝ በቫልቮቹ ላይ ያለውን ሙቀትና ፍትጊያ ሊያበዛ ይችላል። የደከመ ቫልቭ በጋዝ ፈጥኖ ያልቃል።

ካንዴላዎቹና ወደ እነሱ የሚሄዱት ሽቦዎች ይታዩ። ጋዝን ለማንደድ ጠንካራ ብልጭታ ያስፈልጋል። ብልጭታው ደካማ ከሆነ ጋዙ ወደ ኋላ ይተኩሳል፤ አየር ማስገቢያውንም ይሰብራል።

ሻንሲው ይታይ። በዝገት የተበላ ሻንሲ የጋዝ ታንክ አይሸከምም። ባሌስትራውም ይታይ። ታንኩ ራሱ ክብደት ነው። 60 ሊትር የሚይዝ የተፈጥሮ ጋዝ የብረት ሲሊንደር ባዶውን 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያ ክብደትና ያ ቦታ ከእናንተ ጭነት ላይ ይቀነሳል።

ስለ ዳገትም አስቡ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የተለመደ የቤንዚን ሞተር ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። ጋዝ ሲሆን ሌላ ጥቂት ይቀነሳል፤ በተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ይበልጥ ይቀነሳል። በቤንዚን ዳገቱን በጭንቅ የሚወጣ መኪና በጋዝ ጭኖ አይወጣም። ስለዚህ መኪናውን ስትሞክሩት በሜዳ ሳይሆን በራሳችሁ ዳገት፣ ባዶውን ሳይሆን ጭነት ጭናችሁ ይሁን።

አምስተኛ፦ ነፍስን የሚመለከት ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው። አሁን የምናገረው ግን ስለ ሰው ሕይወት ነው።

የቤት ማብሰያ ሲሊንደርን መኪና ላይ አስሮ መንዳት አይገባም። የቤት ሲሊንደር የተሠራው ቆሞ ከላይ ትነቱን እንዲሰጥ ነው። የመኪና ታንክ ሌላ ነው። ከ100 እጅ 80 እጅ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ አለው። ይህ ለምን አስፈለገ? ፈሳሹ ጋዝ ሲሞቅ ያብጣል። ባዶ ቦታ ካላገኘ ግፊቱ ታንኩን ሊያፈነዳ ይችላል። ደግሞም የመኪናው ታንክ ቧንቧ ቢቆረጥ ጋዙን የሚያቆም መዝጊያ አለው። የቤት ሲሊንደር ግን ለመኪና ግጭትና ንቅናቄ አልተሠራም። «እኔ በርካሽ አስሬ እሠራላችኋለሁ» የሚለውን ሰው ከመኪናችሁ አርቁት።

መኪናው ቀድሞ የተለወጠ ከሆነ የታንኩን ጽሑፍ አንብቡ። የተሠራበት ዓመት በላዩ ተቀርጿል። በጣሊያን ሕግ የቡታጋዝ ታንክ 10 ዓመት ሲሞላው ይለወጣል። ዓመቱ የተፋቀ ወይም የማይነበብ ታንክ አትቀበሉ። የተበየደ ወይም የተጨረመተ ታንክም አትቀበሉ።

ጋዝ እንዲሸት ተደርጎ የተሠራው ለማስጠንቀቂያ ነው። ከሸተታችሁ ሞተሩን አጥፉ። የታንኩን መዝጊያ ዝጉ። በሮችን ክፈቱ። ሰዎችን አውርዳችሁ አርቁ። ክብሪት አትጫሩ፤ ሲጋራ አታጭሱ። የሚያፈስበትን ቦታ ለማወቅ የሳሙና አረፋ ቀቡበት፤ አረፋው ከተነፋ እዚያ ነው። በእሳት ብርሃን የፈለገ ሰው ግን ቦታውን የሚያገኘው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ቡታጋዝ ወደ ታች ስለሚወርድ መኪናውን በጉድጓድ አጠገብ ወይም በተዘጋ ጎተራ ውስጥ አታሳድሩ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱና ባለሙያው

መካኒኩን የምትቀጥሩት እናንተ እንጂ ሻጩ አይሁን። የሻጭ መካኒክ የሻጭ ምስክር ነው። ለምርመራ የምትከፍሉት ጥቂት ብር ከትልቅ ኪሣራ ያድናል።

በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ቁጥር በቁጥር አንብቡ። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አትስጡ። ሁለት ሰው ያንብብ፤ ሦስተኛው ይጻፍ። ለውጡ የተፈቀደ መሆኑንና በሊብሬው ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ቦሎ ሲታደስ ችግር እንዳይፈጠር ከገጠማው በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ጋዙን የሚገጥመው ጋራዥ ደረሰኝ ይስጥ። የገጠመውን ዕቃ ዓይነትና ቁጥር ይጻፍ። ለምን ያህል ጊዜ ኃላፊነት እንደሚወስድ ይፈርም። በቃል የተባለ ነገር ጠብ ሲነሣ ይረሳል። የተጻፈ ግን ይቆያል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ማኅበራችሁ ስብሰባ ሲቀመጥ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቹ ይመልሱ።

1. ጋዝ የሚሞላው የት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
2. መኪናችን በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ይሠራል? የለውጡ ገንዘብ በስንት ሳምንት ይመለሳል?
3. መኪናው የቤንዚን ነው ወይስ የናፍጣ?
4. ሞተሩን የመረመረው ማን ነው? የጻፈው ወረቀት የት አለ?
5. ታንኩ ለመኪና የተሠራ ነው? በየትኛው ዓመት?

ለአምስቱም መልስ ካገኛችሁ ግዙ፤ ለውጡ። ለአንዱ እንኳ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡ በማኅበሩ ሣጥን ይቆይ። መኪና ነገም ይገኛል። አንዴ የወጣ የማኅበር ገንዘብ ግን ሌላ አዝመራ ያስጠብቃል።